ያደረሰውን ማን ያደርሰዋል?

ስለ ጋሪ ፈረስ፣ ስለ ጎብኚና ስለ ወላይታ መንገድ የቀረበ ታሪካዊ ሐተታ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው ጀግንነት የሰው እንጂ የእንስሳ አለመሆኑን ለማስገንዘብ ነው። ፈረስ ከጦር ሜዳው አፋፍ ያደርስሃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የልብህና የክንድህ ጉዳይ ነው እንደ ማለት ይሆናል። ለጦረኛ የሚበጅ ምክር ነው። ታሪክን ለሚጽፍና ለሚያስተምር ሰው ግን ተረቱ አንድ ወጥመድ አለበት። «ያደርሳል» የሚለውን ቃል እንደ ቀላል ነገር አድርጎ ያልፈዋል። ማድረስ በእርግጥ ቀላል ነገር ነውን?

የአገራችን ታሪክ ባመዛኙ የደረሱ ሰዎች ታሪክ ነው። ንጉሡ ከዚህ ቦታ ደረሰ፣ ጦሩ ወንዙን ተሻገረ፣ መልእክተኛው ደብዳቤውን አስረከበ፣ አገር አሳሹ ሐይቁን አየ ተብሎ ተጽፏል። ዛሬ ጎብኚ የምንለውም መንገደኛ ተራራው ጫፍ ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ ሲነሣ የሚታየው መድረሱ ነው። ከሥዕሉ ጠርዝ ውጭ የቆመችው በቅሎ፣ ላቧ ያልደረቀው ፈረስ፣ ልጓሙን የያዘው ልጅ አይታዩም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዓይናችንን ለጥቂት ጊዜ ከደረሰው ወደ አድራሹ ማዞር ነው። መነሻችንም መድረሻችንም ወላይታ ነው፤ በመካከሉ ግን መንገዱ ወደ ሌላ አገር፣ እስከ በረዶ ምድርም ድረስ ይወስደናል።

ስም ያለው ፈረስና ስም የሌለው አጋሰስ

ኢትዮጵያ ፈረስን ያላከበረች አገር ናት ለማለት አይቻልም። እንዲያውም የጦር አለቆቻችንና ነገሥታቶቻችን በክርስትና ስማቸው ከመጠራት ይልቅ በፈረሳቸው ስም መጠራትን ይመርጡ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ተብለዋል። ስሙ የፈረሱ፣ ክብሩ የጌታው ነው። በቤተ መንግሥቱም ለፈረስና ለበቅሎ የተመደበ ባልደራስ የሚባል ሹም ነበር። በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ዋዜማ አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው የዐፄ ምኒልክ ሐውልት ንጉሡን ያሳየን በፈረስ ላይ ነው። የአድዋን ድል የሚሥሉ ባህላዊ ሠዓሊዎቻችንም ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረስ ላይ አድርገው ከጦሩ በላይ ያቆሙታል።

ይህ ሁሉ ግን የጌታ ፈረስ ክብር ነው። ከጦሩ ኋላ ስንቅ ተጭኖ የሚመጣው አጋሰስ ግን ስሙን የሚያወጣለት አልነበረም። ቃሉ ራሱ ከጊዜ በኋላ ለሰነፍና ለሆዳም ሰው መስደቢያ ሆኖ መቅረቱ አንድ ነገር ይነግረናል። ከሁሉ ይበልጥ የተሸከመው ፍጡር ስሙ ለስድብ ዋለ። የሲራራ ነጋዴው በቅሎና አህያ ጨው፣ ቡና፣ ማርና ቆዳ ከአገር ወደ አገር ባያመላልሱ ኖሮ ገበያም፣ ግብርም፣ ከተማም ባልኖረ ነበር። ሆኖም ከእነዚህ እንስሳት መካከል አንዲቱን እንኳ በስሟ የሚያውቃት የለም።

የሚሸከመው ሲበዛ የሚረሳው እንደሚበዛ የሚያሳየን ሌላው ማስረጃ የመቅደላ ዘመቻ ነው። በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ መቅደላ የገባው ከ40 ሺህ በላይ በሚሆኑ የጭነት እንስሳት ኃይል ነው፤ ከነዚህም 44ቱ ከሕንድ የመጡ ዝሆኖች ነበሩ። ስለ ጦሩ ጉዞ ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል። ከእንስሳቱ መካከል በቀላሉ የሚታወሱት ዝሆኖቹ ናቸው፤ ለዓይን እንግዳ ስለ ነበሩ። መንገዱን ሙሉ ጭነቱን የተሸከሙት በቅሎዎች ግን በቁጥር ብቻ ቀርተዋል። እንግዲህ ከአድራሾችም መካከል የሚታወሰው ለተመልካች የሚያስደንቀው ነው ማለት ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ወላይታ በኮርቻ ላይ

የወላይታ ሕዝብ ከብትን የሚያውቅና የሚያከብር ሕዝብ ነው። ላምና በሬ ከባለቤቱ ጋር አንድ ጣራ ሥር ያድራሉ፤ ፍጋቸው ጓሮ ያለውን እንሰት ያለመልማል። በቀድሞው ሥርዓት ከብቱ መቶ የሞላለት ሰው ዳላ የሚባለውን በዓል ደግሶ በሕዝብ ፊት ይከበር ነበር። በወላይትኛ ፓራ የሚባለው ፈረስ ግን ቦታው ሌላ ነው። ፈረስ አይታለብም፣ ሥጋው አይበላም፣ ቀንበር አይጎትትም። እንግዲህ ፈረስን ማኖር የሩቅ መንገድ፣ የጦርነትና የማዕረግ ነገር ነበር ማለት ነው።

ፈረስ በዚያ ምድር እንደልቡ እንዳይኖር የከለከለው አንድ ትንሽ ፍጡርም አለ። ይህም የቆላ ዝንብ ነው። የኦሞና የጊቤ ሸለቆ፣ እንዲሁም ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርደው ቆላ፣ ገንዲ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው ዝንብ የሚገኝበት አካባቢ ነው። ፈረስ ለዚህ በሽታ እጅግ ደካማ ነው። በመሆኑም የዳሞታ ተራራን የመሳሰለው ደጋ ለፈረስ መጠጊያ ሲሆን፣ ቆላው መቃብሩ ሆኖ ኖሯል። በካርታ ላይ አንድ አገር የሚመስለን ምድር በፈረስ ዓይን ሲታይ ሁለት አገር ነው።

በ1887 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ ጦር ወደ ወላይታ የዘመተው አገሪቱ ክፉ ቀን ከሚባለው መከራ ገና ባላገገመችበት ጊዜ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው የከብት ዕልቂት ከአገሪቱ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል እንደፈጀ ይነገራል። በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አቃተው፤ ጦሩም ቀለብ አጣ። ስለዚህ ወደ ደቡብ ከተደረጉት ዘመቻዎች ምክንያቶች አንዱ የከብት ረሃብ እንደ ነበረ የታሪክ ሰዎች ያስረዳሉ። ካዎ ጦና ጋጋና ሕዝቡ አገራቸውን ለመከላከል አጥብቀው ተዋጉ። ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ካዎ ጦናም ቆስለው ተያዙ። ከዘመቻው በኋላ ከወላይታ የተነዳው ከብትና የተወሰደው ሰው እጅግ ብዙ ነበር። በዚህ ዘመቻ ከንጉሡ ጋር ቫንደርሄይም የሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ ተገኝቶ ያየውን ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1896 ፓሪስ ላይ አሳትሟል። ወላይታን በውጭ አገር መጽሐፍ ከገለጹት ቀደምት ጎብኚዎች አንዱ እንግዲህ በዘመቻ ጦር መካከል የመጣ ሰው ነበር።

ይህን ስናነሣ የጥንት ቁስል ለመነካካት አይደለም። አንድ እውነት ግን ልብ ልንለው ይገባል። ኮርቻ ንጹሕ ዕቃ አይደለም። ያው ፈረስ አንዱን ለድል ያደርሰዋል፤ ሌላውን ለምርኮ ያደርሰዋል። ፈረሱ የሚያውቀው ግን ዳገቱን፣ ጥማቱንና የጀርባውን ቁስል ብቻ ነው። ስለ አድራሽ መጻፍ የደረሰውን ማሞገስ የማይሆንበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ወላይታ የመጡት መንገደኞችም የደረሱት በእንስሳ ጀርባ ነው። በ1920 ዓ.ም. ዶክተር ቶማስ ላምቢና ባልደረቦቹ የሱዳን የውስጥ ሚሲዮንን ሥራ ለመጀመር ከአዲስ አበባ የተነሡት በበቅሎ ቅፍለት ነበር። ያሰቡት ወደ ጂማ ለመሄድ ሲሆን፣ መንገዱና ጊዜው ግን ከእነርሱ አንዳንዶቹን ሶዶ አጠገብ ኦቶና ላይ አስቀራቸው። በዚያ የቆመው የሕክምና ጣቢያ በወላይታ ታሪክ የታወቀ ስፍራ አለው። የመድኃኒቱን ሣጥን፣ መጽሐፉንና ድንኳኑን ከአዲስ አበባ ኦቶና ያደረሱት በቅሎዎች ግን የት እንደ ወደቁ የጻፈ የለም።

መንኰራኵር ወደ ሶዶ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጀርባ ነው። ከዚህ በኋላ ግን እንስሳው ከመሸከም ወደ መጎተት የተሸጋገረበት ዘመን ይመጣል። በአገራችን ተራራማ መሬት መንኰራኵር ሥር ለመስደድ ብዙ ጊዜ ፈጅቶበታል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን 7 ቶን ያህል የሚመዝን ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያስወስዱ፣ በፊቱ መንገድ እየተጠረገ የጎተቱት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። በታሪካችን ከሚታወሱት ታላላቅ የመንኰራኵር ጉዞዎች አንዱን የጎተተው እንግዲህ ፈረስ ሳይሆን ሰው ነበር።

የፈረስ ጋሪ የተስፋፋው ሜዳማ ከተሞችና የተጠረጉ መንገዶች ከበዙ በኋላ ነው። ጋሪ የሚለው ስም ራሱ ከሕንድ ቋንቋ የመጣ ነው። የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለጋሪ የተፈጠሩ ይመስሉ ነበር፤ ሜዳቸው ረጅም፣ ዳገታቸው ጥቂት ነውና። ሶዶ በዳሞታ ግርጌ የተቆረቆረች በመሆኗ ዳገት አይጎድላትም። ሆኖም ከመናኸሪያ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ሰፈር የሚሄደውን ሰው፣ የእህሉን ጆንያ፣ የእንሰቱን ውጤት፣ የሲሚንቶውን ከረጢት ለብዙ ዓመታት ያመላለሰው ጋሪ ነበር። በቦዲቲና በአረካም እንዲሁ።

ጋሪው ሲታይ ቀላል ዕቃ ነው። ሁለት አሮጌ የመኪና ጎማ፣ አንድ የብረት ዘንግ፣ ከፈረሱ ግራና ቀኝ የሚያልፉ ሁለት እንጨቶች፣ የጣውላ መቀመጫ፣ ከላይም አንዳንዴ የሸራ ጥላ አለው። ባለጋሪው ብዙውን ጊዜ ወጣት ነው፤ አንዳንዴም ጋሪው የሌላ ሰው ሆኖ እርሱ የቀን ሒሳብ አስረካቢ ነው። ባገኘው ገንዘብ ፍሩሽካና ሣር ይገዛል። ወላይታ ሕዝብ እጅግ ከተጠጋጋባቸው የአገራችን ክፍሎች አንዱ በመሆኑ የግጦሽ መሬት ጠባብ ነው፤ ስለዚህ የከተማ ፈረስ የሚበላው በገንዘብ ነው። ገበያ ሲጠፋ የባለጋሪው ራትና የፈረሱ ፍሩሽካ አንድ ሳንቲም ይሻማሉ። ፈረሱ የተራበው ባለቤቱ ስለ ጨከነ ብቻ እንዳልሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል። ድህነት ሁለቱንም በአንድ ገመድ አስሯቸዋል።

ፈረሱን የሚጎዳው ግን ረሃብ ብቻ አይደለም። ልኩ ያልሆነ መታጠቂያ ጀርባውንና ደረቱን ይልጠዋል፤ አስፋልቱ ሰኮናውን ይሰነጥቀዋል። ከቁስሉ ደግሞ በሻጋታ መሰል ሕዋስ የሚመጣ፣ ከቆዳ ሥር እየተቋጠረ የሚፈነዳ ተላላፊ በሽታ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት በ28 የኢትዮጵያ ከተሞች ከ19 ሺህ በላይ የጋሪ ፈረሶችን መርምሮ፣ ከአምስቱ አንዱ ገደማ በዚህ በሽታ መያዙን አሳይቷል። በሽታው የሚበረታው ሞቃትና እርጥበት ባላቸው ወይናደጋ ከተሞች ነው። ቀድሞ ከተደረሰበት በአዮዲን ይታከማል፤ ቁስሉን ማጽዳት፣ መታጠቂያውን በጨርቅ ማለስለስና የአንዱን ፈረስ ዕቃ ለሌላው አለማዋስም መከላከያ ነው። ይህን ለማድረግ ትልቅ ሆስፒታል አያሻም፤ ዕውቀቱ ከባለጋሪው ዘንድ መድረሱ ነው የሚያሻው።

ከዚያ ባጃጅ መጣ። ባለ ሦስት እግሩ ተሽከርካሪ ስሙን ያገኘው ከሕንዳዊ ፋብሪካው ነው። እነሆ፣ ከሕንድ የመጣ አንድ ስም ከሕንድ የመጣ ሌላ ስምን ከመንገድ አባረረ። በብዙ ከተሞች ጋሪ ከዋናው አስፋልት ተከለከለ፤ ወደ ዳር ሰፈርና ወደ ገበያ ጭነት ተገፋ። መንገድ መሻሻሉ፣ ተሳፋሪ ፈጥኖ መድረሱ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ነገር ግን አሮጌ መኪና ቆሞ ሲዝግ አይርበውም፤ አሮጌ ፈረስ ግን ይርበዋል። ጉልበቱ ሲያልቅ ከከተማ ወጥቶ ከአስፋልቱ ዳር የተለቀቀ ፈረስ በብዙ የአገራችን መንገዶች ላይ ይታያል። መኪና ይገጨዋል፤ ወይም ጅብ ይጨርሰዋል። ያደረሰው አልተደረሰለትም።

ከበረዶ ምድር የሚመጣ ምሳሌ

ይህ ዕጣ የድሃ አገር ዕጣ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ይኖር ይሆናል። እንዳይመስለን። በሰሜኑ የዓለም ጫፍ፣ በአላስካ፣ በካናዳ፣ በግሪንላንድና በሰሜን አውሮፓ፣ የፈረስን ሥራ የሚሠራው ውሻ ነው። መንኰራኵር የሌለውን፣ በበረዶ ላይ የሚንሸራተተውን ጋሪ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠመዱ ውሾች ይጎትቱታል። የእነርሱ ታሪክ ከእኛ የጋሪ ፈረስ ታሪክ ጋር የሚመሳሰልበት መንገድ ያስገርማል።

እ.ኤ.አ. በ1911 ኖርዌያዊው አሙንድሰን ከአራት ጓደኞቹ ጋር ወደ ደቡብ ዋልታ ሲነሣ 52 ውሾች ነበሩት። አምስቱም ሰዎች ዋልታው ደርሰው በደኅና ተመለሱ። ከ52ቱ ውሾች የተመለሱት 11 ብቻ ናቸው። ብዙዎቹ በመንገድ ላይ በዕቅድ ታርደው ለቀሩት ውሾችና ለሰዎቹ ቀለብ ሆነዋል። ዓለም ያስታወሰው የተተከለውን ሰንደቅ ዓላማ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥርና በየካቲት 1925 ደግሞ ኖም በምትባል የአላስካ ከተማ የጉሮሮ ዘጊ በሽታ ገባ። መድኃኒቱን ከባቡር ጣቢያ ወደ ከተማይቱ ለማድረስ 20 ነጂዎችና 150 ያህል ውሾች እየተቀባበሉ 1,085 ኪሎ ሜትር ያህል በአምስት ቀን ተኩል ሮጡ። የመጨረሻውን መንገድ የመራው ባልቶ የሚባል ውሻ ዝናው ዓለምን አዳረሰ፤ በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ላይ ሐውልት ቆመለት። ከሁሉ ይልቅ ረጅሙንና አደገኛውን መንገድ የሮጠው ቶጎ የሚባል ሌላ ውሻ ግን ለብዙ ዘመን በባልቶ ጥላ ሥር ኖረ። አስቀድመን ያልነው ይህን ነው። የሚታወሰው ከተመልካቹ ፊት የደረሰው ነው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ሐውልት የቆመለት ባልቶ ሐውልቱ ከቆመ ብዙም ሳይቆይ ከጓደኞቹ ጋር ተሸጦ በርካሽ ትርኢት ቤት ለሳንቲም የሚታይ ምስኪን ሆነ። በ1927 የክሊቭላንድ ከተማ ሕዝብ፣ ሕፃናት ሳይቀሩ ሳንቲም አዋጥተው ባልቶንና ስድስት ጓደኞቹን ገዝተው አዳኗቸው። ነሐስ የማይበላ፣ ውሻ ግን የሚበላ መሆኑን ሕፃናቱ ከሐውልት አቁሚዎቹ ይልቅ ተረድተውት ነበር።

ሞተር ያለው የበረዶ ተሽከርካሪ ሲስፋፋ የውሻው ሥራ ልክ እንደ ጋሪ ፈረሱ ቀነሰ። የቀረለት አንዱ እንጀራ ጎብኚ ነው። ዛሬ ብዙ መንገደኛ ከሞቃት ከተማ ተነሥቶ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ በውሾች ተስቦ በበረዶ ጫካ ውስጥ ሊያልፍ ይሄዳል። ውሾቹ መሮጥ ይወዳሉ፤ ይህ እውነት ነው። ደግ ነጂ ውሾቹን እንደ ልጆቹ ያውቃቸዋል፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን በረዶ የወራት ነገር ሲሆን የውሻ ሆድ የዓመት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ካናዳ ውስጥ፣ የክረምቱ ኦሊምፒክ አልፎ የጎብኚው ቁጥር ሲቀንስ፣ በአንድ የጎብኚዎች አገልግሎት ውስጥ ከ50 በላይ ውሾች ትርፍ ናቸው ተብለው ተገደሉ። ነገሩ በሚቀጥለው ዓመት ሲገለጥ ሕዝብ ተቆጣ፤ ገዳዩ ለፍርድ ቀረበ፤ የክፍለ ግዛቱም መንግሥት ስለ ጎታች ውሾች አያያዝ ደንብ አወጣ። ደንቡ የተጻፈው ግን ከመቃብሩ በኋላ ነው።

እኛስ ከዚህ ምን እንማራለን?

ይህን ያነሣነው ሌላውን አገር ለመንቀፍ አይደለም። በአገራችንም ጎብኚን የሚያደርስ እንስሳ አለና ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በሰሜን ተራሮች ፓርክ፣ ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በር ወደ ግጭና ወደ ጨነቅ የሚሄደውን እንግዳ ጓዝ የሚሸከሙት በቅሎዎች ናቸው። በላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣው መንገደኛ በቅሎ ይከራያል። በወንጪ ሐይቅ ዳር የአካባቢው ገበሬዎች ፈረስ እያከራዩ ኖረዋል። ይህ ለገበሬው ጥሩ ገቢ ነው፤ እንስሳውም ዋጋ እንዲኖረው ያደርጋል።

ሆኖም ጎብኚ እንደ ዝናብ ነው፤ ይመጣል፣ ይቀራልም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በሮችን ሁሉ ሲዘጋ፣ ከዚያም በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ሲነሣ፣ እንግዳው ቀረ። በቅሎዋ ግን መብላቷን አላቆመችም። በጥሩ ጊዜ ከሚገኘው ኪራይ ጥቂት ለክፉ ጊዜ መኖ ካልተቀመጠ፣ የእንስሳውን ኪሣራ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ሲያቅተውም የሚከፍለው እንስሳው ራሱ በሕይወቱ ነው።

ሕዝባችን ግን በዚህ ረገድ የሚያኮራ ሥራም አለው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት ካነገባቸው ዓላማዎች አንዱ በአድዋ ዘመቻ የፈረስን ውለታ ማስታወስ ነበር። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በአዊ በሺህ የሚቆጠር ፈረሰኛ አደባባይ ሲወጣ እንግዳ ከሩቅ መጥቶ ያያል። እዚያ ፈረሱ የጎብኚ መሸከሚያ አይደለም፤ የበዓሉ ባለቤት ነው። ሲያጌጥም በገዛ ባለቤቱ እጅ ነው፣ ሲመሽም ወደ ጋጣው ይመለሳል። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ማረጃ ቄራ ሲከፈት ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ቄራውም ተዘጋ። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በየካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የአህያን እርድ ለቆዳዋ ሲባል እንዲታገድ ወሰኑ። ሕዝቡ ያን ጊዜ የተናገረው በአንቀጽ የተጻፈ ሕግ አልነበረም። «የተሸከመችን አትታረድም» የሚል ያልተጻፈ ሕግ ነበር።

አሁን ወደ ወላይታ እንመለስ። ሶዶ ዛሬ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ዳሞታ ተራራ፣ ከ50 ሺህ ዓመት በላይ የቆየ የሰው ሥራ የተገኘበት የሞቼና ቦራጎ ዋሻ፣ አጃቾና ሶኬ ጎን ለጎን የሚወርዱበት የአጆራ ፏፏቴ፣ በመስከረም የሚከበረው የጊፋታ በዓል እንግዳን የሚጠሩ ሀብቶች ናቸው። እንግዳው ሲበዛ ደግሞ ወደ ዳገቱ የሚያወጣው ፈረስ፣ በከተማው የሚያዞረው ያጌጠ ጋሪ ይፈለግ ይሆናል። ከአስፋልት የተባረረው የጋሪ ፈረስ በጎብኚ መንገድ ተመልሶ እንጀራ ሊያገኝ ይችላል። ይህ መልካም ተስፋ ነው። ተስፋው ግን የሰሜኑን ውሻ ዕጣ እንዳያስከትል አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ለፈረሱ የሚጭነው ልክ ይወሰንለት፤ የዕረፍት ቀን ይኑረው፤ ከኪራዩ ለመኖና ለሕክምና የሚቀመጥ ድርሻ በባለጋሪዎቹ ማኅበር ይያዝ፤ ጉልበቱ ሲያልቅ የሚጦርበት ግጦሽ ይከለልለት። ደንቡ ከመቃብሩ በፊት ይጻፍ።

ይህ የእንስሳት ሐኪምና የአስተዳዳሪ ሥራ ብቻ ነው ብለን እጃችንን መሰብሰብ አንችልም። መምህሩ ስለ አድዋና ስለ መቅደላ ሲያስተምር «ስንቁን ማን ተሸከመው?» ብሎ አንድ ጥያቄ ቢጨምር ተማሪው ታሪክን ከኮርቻው ሥር ማየት ይጀምራል። የባህል ሠራተኛው የዳሞታን ታሪክ ሲሰበስብ የሽማግሌዎችን የዘር ሐረግ ብቻ ሳይሆን የባለጋሪዎችን ትዝታ፣ ለፈረሶቻቸው ያወጡላቸውን ስሞች ቢመዘግብ የነገው ታሪክ ጸሐፊ ያመሰግነዋል። እኛ ተውኔት የምንጽፍ ሰዎችም ፈረስን ከመጋረጃ ጀርባ በኮቴ ድምፅ ብቻ ማሰማት ለምደናል። መልእክተኛው ወደ መድረክ ይገባል፤ ዜናውን ይናገራል፤ ጭብጨባውን ይቀበላል። ያደረሰው ፈረስ በላብ ተጠምቆ ከውጭ እንደ ቆመ ይቀራል።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ተብሏል። እውነት ነው። ከዚህ በኋላ ግን ተረቱን ለልጆቻችን ስናስተምር አንድ ጥያቄ እንጨምርበት። ያደረሰውንስ ማን ያደርሰዋል? መልሱን የሚጠብቁት ከሶዶ ዳር መንገድ ላይ፣ ፀሐይ ሲከርር ጭንቅላታቸውን አቀርቅረው የቆሙ ብዙ ፈረሶች ናቸው።